ዓለም አቀፍ ጥናት ወይስ ዓለም አቀፍ ግንኙነት? የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመርጡ የቀረበ ንጽጽር

«ዓለም አቀፍ ጥናት» እና «ዓለም አቀፍ ግንኙነት» የሚባሉ ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ ልዩነታቸው ከስም የማያልፍ የሚመስለው አመልካች ብዙ ነው። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በእርግጥም በሁለቱ ስሞች የሚሰጠው ትምህርት ተቀራራቢ ነው፤ በሌሎች ግን የሚነበቡት መጻሕፍት፣ የሚሰጠው የምርምር ሥልጠና እና ተመራቂው ይዞት የሚወጣው ችሎታ በጣም ይራራቃሉ። ስለዚህ ምርጫው መመሥረት ያለበት በኮርስ ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ከዝርዝሩም ውስጥ፣ በእኔ አመለካከት፣ ከሁሉ በፊት መታየት የሚገባቸው የቋንቋና የምርምር ዘዴ ኮርሶች ናቸው።

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ መሆን የጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው፤ በዌልስ አበሪስትዊዝ በዓለም አቀፍ ፖለቲካ የፕሮፌሰርነት ወንበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነበር። ጦርነት ለምን ይነሣል፣ እንዴትስ ሊገታ ይችላል የሚለው የያኔው ጥያቄ እስከ ዛሬም የትምህርቱ ማዕከል ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ሪያሊዝም (የሥልጣንና የኃይል ፉክክርን የሚያስቀድም)፣ ሊበራሊዝም (ትብብርንና ተቋማትን የሚያስቀድም) እና ኮንስትራክቲቪዝም (የሐሳብና የማንነትን ሚና የሚያስቀድም) ከሚባሉት ንድፈ ሐሳቦች ጋር ይተዋወቃል፤ ቀጥሎም ወደ ደኅንነት፣ ወደ ዓለም አቀፍ ሕግና ወደ ውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ይሻገራል። ዓለም አቀፍ ጥናት በአንጻሩ ከመንግሥታት አልፎ ስደትን፣ ሃይማኖትን፣ ንግድን፣ ባህልንና ታሪክን አንድ ላይ ይዞ የሚሄድ፣ ብዙውን ጊዜም አንድ የዓለም ክፍልና የዚያን አካባቢ ቋንቋ መምረጥን የሚጠይቅ ዘርፍ ነው። የኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲ በሄግ ከተማ የሚሰጠው የዓለም አቀፍ ጥናት ዲግሪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ በሦስት ዓመት በ180 የአውሮፓ ክሬዲት የሚጠናቀቅ ሲሆን፣ ተማሪው አንድ አካባቢ መርጦ ታሪኩን፣ ባህሉን፣ ፖለቲካውንና ኢኮኖሚውን ከቋንቋው ጋር ያጠናል።

ልዩነቱ በአንድ ክስተት ላይ ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1956 የግብፅ ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር የስዊዝ ካናልን ኩባንያ በመንግሥት ይዞታ ሥር አደረጉ፤ በኦክቶበር መጨረሻ እስራኤል፣ ተከትለውም ብሪታንያና ፈረንሳይ በግብፅ ላይ ጦር አዘመቱ፤ ይሁን እንጂ የብሪታንያ ገንዘብ ፓውንድ ስተርሊንግ በተዳከመበት ሰዓት አሜሪካ የገንዘብ ድጋፍን በመከልከሏ ብሪታንያ ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደደች። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ስለዚህ ቀውስ የሚጽፈው ጽሑፍ ኃያል መንግሥት የገዛ አጋሩን በኢኮኖሚ ጫና ያስገደደው ለምን እንደሆነ የሚመረምር፣ ውጤቱንም ከሌሎች ቀውሶች ጋር አወዳድሮ አንድ አጠቃላይ ማብራሪያ የሚፈልግ ይሆናል። የዓለም አቀፍ ጥናት ተማሪ ግን ጽሑፉን ካናሉ ከተከፈተበት ከ1869 ሊጀምር ይችላል፤ ግብፅ በዕዳ ተጨንቃ የካናሉን አክሲዮን ለብሪታንያ የሸጠችበትን 1875ን፣ የብሪታንያ ጦር አገሪቱን የያዘበትን 1882ን እና ከዚያ የተወለደውን ብሔርተኝነት ካልተረዳ የናስር ውሳኔ በአረቡ ዓለም ያን ያህል ደስታ የቀሰቀሰበትን ምክንያት ማስረዳት አይችልምና። ሁለቱም ሙሉ ዕውቀት ናቸው፤ ነገር ግን የአንደኛው ተማሪ በንድፈ ሐሳብና በንጽጽር፣ የሌላው በቦታና በዘመን ጠልቆ ይሠለጥናል። አመልካቹ ከሁለቱ ጽሑፎች የትኛውን በራሱ ፍላጎት ቁጭ ብሎ እንደሚጽፍ ቢያስብ ግማሹን መልስ ያገኛል።

ቀሪው ግማሽ ቋንቋ ነው። ፕሮግራሞች በመግለጫቸው ላይ «ሁለተኛ ቋንቋን ያካትታል» ብለው ሲጽፉ ምን ያህል ሰዓት ማለታቸው እንደሆነ መቁጠር ያስፈልጋል። ለአሜሪካ ዲፕሎማቶች ቋንቋ የሚያስተምረው የመንግሥት ተቋም ካካበተው ልምድ በመነሣት፣ አንድ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ ስፓኒሽን ለመቻል ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት፣ አረብኛን፣ ቻይንኛን፣ ጃፓንኛን ወይም ኮሪያኛን ለመቻል ደግሞ ወደ 2,200 ሰዓት እንደሚያስፈልገው ይገምታል። በሳምንት 5 ሰዓት፣ በሴሚስተር 14 ሳምንት የሚማር ሰው በአራት ሴሚስተር የሚያገኘው 280 ሰዓት ነው፤ ይህ ለስፓኒሽ ጥሩ መሠረት ሲሆን ለአረብኛ ግን ከሚያስፈልገው ከስምንት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም አስቸጋሪ ቋንቋ የሚመርጥ ተማሪ ቋንቋው በሚነገርበት አገር ቢያንስ አንድ ሴሚስተር የሚያሳልፍበትንና እዚያ የወሰዳቸው ኮርሶች ለዲግሪው የሚቆጠሩለትን ፕሮግራም መፈለግ ይኖርበታል። ይህ ከሌለ፣ የዓለም አቀፍ ጥናት ዲግሪ ትልቁ ብልጫው ከወረቀት አያልፍም፤ እንዲህ ካለው ፕሮግራም ይልቅ ጠንካራ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ፕሮግራም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የዓለም አቀፍ ጥናት ሌላው አደጋ ስፋቱ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንደሚባለው፣ ከታሪክ አንድ፣ ከኢኮኖሚክስ አንድ፣ ከሥነ ሰብ አንድ ኮርስ እየቀመሰ የተመረቀ ተማሪ በአንዱም ሥራ መሥራት ሊያቅተው ይችላል። መድኃኒቱ በሁለተኛው ዓመት የሚሰጥ አስገዳጅ የምርምር ዘዴ ኮርስ፣ ቢያንስ አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስ እና በመጨረሻው ዓመት በአማካሪ ክትትል የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በዚህ ረገድ ከፖለቲካል ሳይንስ ጋር በአንድ የትምህርት ክፍል የሚሰጥ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የተሻለ ሥርዓት አለው። ቁጥር የሚወድ ተማሪ ደግሞ ኢኮኖሚክስን ዋና፣ ዓለም አቀፍ ጥናትን ተጨማሪ ዘርፍ አድርጎ የመያዝን አማራጭ ሊያስብበት ይገባል።

ሥራን በተመለከተ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። የአሜሪካ የዲፕሎማሲ አገልግሎት፣ ለምሳሌ፣ ለአመልካቾች የተወሰነ የትምህርት ዘርፍ አይደነግግም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የወጣት ባለሙያዎች ፈተና ላይ የሚቀመጥ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከ32 ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ እና የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ ብቃት ይጠየቃል፤ ከዚያ ከፍ ላሉት የድርጅቱ የባለሙያ መደቦች ግን በአብዛኛው ሁለተኛ ዲግሪ ወይም በምትኩ ረዘም ያለ የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዲግሪ ወደ ሕግ፣ ወደ ኢኮኖሚክስ ወይም ወደ ሕዝብ ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስገባ መሠረት መስጠት አለመስጠቱ ከመጠሪያው ይልቅ ክብደት አለው።

ከማመልከት በፊት ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጽፎ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ነውር የለውም፤ የቋንቋ ኮርሶቹ በየዓመቱ በእርግጥ የሚሰጡ መሆናቸውን፣ የተግባር ልምምድ ቦታ የሚያፈላልገው ተቋሙ ይሁን ተማሪው፣ እንዲሁም ባለፈው ዓመት የተመረቁ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ርዕስ ዝርዝርን። ርዕሶቹ የአንድን አገር የአንድ ዘመን የተወሰነ ጥያቄ የያዙ ከሆኑ መምህራኑ ተማሪውን በቅርብ እንደሚከታተሉ ያመለክታሉ፤ «የግሎባላይዜሽን ተጽዕኖ በዓለም ላይ» የሚመስሉ ሰፋፊ ርዕሶች ከበዙበት ግን ሌላ ፕሮግራም ማየት ይመረጣል።