ለታመሙ ጣቶች የሚሆን የጨርቅ መቁረጫ፦ እጀታው ሲጨመቅ የሚከፈተው ክብ ምላጭ

ከመቀስ ጋር የተጣላው አውራ ጣቴ ነው። ሌሎቹ ጣቶቼም ያብጣሉ፤ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ አንታጠፍም ይላሉ፤ ግን ቡናው ፈልቶ፣ ስኒው በሁለት እጅ ተይዞ፣ ቤቱ ሞቅ ሲል ቀስ በቀስ ይታረቁኛል። አውራ ጣቴ ግን የመቀስ ቀለበት ውስጥ ከገባ ቂሙን እስከ ማታ አይለቅም። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ይህን ለማወቅ የእኔ ምስክርነት አያሻውም። በሽታው የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጓዎቻችንን ሽፋን ጠላት መስሎት ሲወጋ የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከትንንሾቹ የእጅና የእግር አንጓዎች ነው። የስፌት ሰው ደግሞ ከእነዚህ ሌላ ምን ሀብት አለው?

የምሰፋው ኩዊልት ነው። ለማያውቁት፣ ላይኛው ከብጣሽ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሠራ፣ መሃሉ ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ታችኛው ገበር ሆኖ፣ ሦስቱም አንድ ላይ በስፌት የተያያዙበት የአልጋ ልብስ ነው። እናቴ ብታየው ድሪቶ ብላ ታልፈው ነበር፤ ደህናውን ጨርቅ በዶላር ገዝቶ፣ ቆራርጦ፣ መልሶ መስፋትማ ጤንነቴን ያስጠረጥራት ነበር። የለመድኩት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጡረታ ከወጡ ጎረቤቴ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ስለምሠራ፣ ጣቶቼ ከተፈቱ በኋላ ወደ ሥራ እስክሄድ ያለችው ጊዜ የስፌት ጊዜዬ ናት። መስፋቱን መኪናው ይሠራልኛል። የሚጥለኝ መቁረጡ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው የሚበቃ፣ በጣም ቀላሉን ኩዊልት እንውሰድ፦ በአግድም 12፣ በቁም 14 ባለ 5 ኢንች አራት ማዕዘን ቁራጮች። በየጎኑ ሩብ ኢንች ለስፌት ሲሄድ እያንዳንዱ 4 ተኩል ኢንች ይሆናል፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ 54 በ63 ኢንች፣ ማለትም 137 በ160 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ቁራጩ በጠቅላላው 168 ነው። እያንዳንዱ አራት ጎን አለው። በመቀስ ከሆነ ያን ሁሉ ማስመር፣ ያን ሁሉ ከፈት ዘጋ ማድረግ ነው። ጤነኛ እጅ እንኳ ይሰለቸዋል።

ሮታሪ ከተር የሚባለው መሣሪያ ለዚህ ነው የመጣው። ቅርጹ ፒዛ መቁረጫ ነው፤ መንኮራኩሩ ግን ዙሪያውን ምላጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሠርቶ ካወጣው በኋላ የአሜሪካን የኩዊልት ሥራ ገልብጦታል። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ቅርጹን በካርቶን ቆርጠው፣ ጨርቁ ላይ በእርሳስ አስምረው፣ በመቀስ አንድ በአንድ ነበር የሚያወጡት። አሁን አራት ጨርቅ ተደራርቦ ይነጠፋል፣ ማስመሪያው ይጫናል፣ መንኮራኩሩ አንዴ ይሄዳል። ስፋቱ 42 ኢንች ከሆነ ጨርቅ የተቆረጠ፣ ወርዱ 5 ኢንች የሆነ ረጅም ጥብጣብ 8 ቁራጭ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለ168ቱ 21 ጥብጣብ ይበቃል። አራት አራቱን ደራርቦ ለሚቆርጥ ሰው ሥራው ከአንድ ጠዋት አያልፍም።

አሁን ወደ ግምገማዬ ልግባ። የምገመግመው የ45 ሚሊ ሜትሩን፣ እጀታው ሲጨመቅ ምላጩ የሚወጣውን ዓይነት ነው። የገዛሁት የየትኛው ኩባንያ ሥራ እንደሆነ አልጽፍም፤ ይህን ዓይነት እጀታ የሚሠሩት ብዙዎች ናቸው፤ ከአንዳቸውም ወሮታ አልበላሁም። ሌላው የተለመደው ዓይነት እጀታው ቀጥ ያለ ሲሆን ምላጩ የሚከፈተውና የሚዘጋው በአውራ ጣት በሚገፋ ቁልፍ ነው። ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ይረሳል። የእኔው ግን ጥምዝ እጀታ አለው፤ በአራቱ ጣቶች ሲጨመቅ ምላጩ ይወጣል፣ ሲለቀቅ ራሱ ተመልሶ ይሸሸጋል። አውራ ጣት ምንም አይጠየቅም፤ እጀታው ላይ ተጋድሞ ያርፋል። እኔን ያሸነፈኝ ይህ ነው።

ራሱ መዘጋቱ ከምቾት በላይ የሆነበት ምክንያትም አለኝ። በየሳምንቱ የምወስደው ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት የሰውነት መከላከያን ጋብ በማድረግ ነው በሽታውን የሚያስታግሰው። ይህ ማለት ለሌላ ሰው በፕላስተር የሚያልፍ ቁስል ለእኔ ሊያመረቅዝ ይችላል። ይህ ምላጭ ደግሞ ጫወታ አያውቅም፤ ስድስት ድርብ ጥጥ የሚሰነጥቅ ነገር ቆዳን አይለይም። ጣቶቹ አንዳንዴ ለሚደነዝዙበት፣ የያዘው ነገር ሳያስበው ለሚወድቅበት ሰው፣ ሲወድቅ የሚዘጋ ምላጭና ሲወድቅ ተከፍቶ የሚቀር ምላጭ አንድ አይደሉም። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ድመት ካለማ አልጨምርበትም።

ነቀፌታው ከዚሁ ከጥሩ ጎኑ ይወለዳል። ምላጩ ወጥቶ እንዲቆይ እጀታው ተጨምቆ መቆየት አለበት። አጭር ቆረጣ ላይ አይታወቅም፤ ረጅም ጨርቅ ሲሆን ግን መዳፍ ይዝላል። ለዚህ ሲባል ምላጩን ክፍት አድርጎ የሚቆልፍ ትንሽ አዝራር አለው፤ ከቆለፉት በኋላ ሳይጨምቁ ዝም ብሎ መግፋት ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሲቆለፍ ያ ራሱ የሚዘጋው ጥበቃ አብሮ ይቀራል። አዝራሩም ለጤነኛ ጣት የተሠራ ነው፤ እብጠት ባለበት ቀን ጫፉን በእርሳስ ጀርባ ነው የምጫነው። መሐንዲሶቹ አንዲት የታመመች ሴት ጠይቀው ቢሆን ኖሮ አዝራሩ የሳንቲም ያህል ይሰፋ ነበር።

መቁረጫው ብቻውን ግን ምንም ነው። ከሥሩ የሚነጠፈው ልዩ ምንጣፍ ያስፈልገዋል፤ ምላጭ ሲሄድበት የተሰነጠቀው መልሶ የሚገጥም ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። 24 በ36 ኢንች የሆነውን ግዙ፤ ከዚህ ያነሰው ጨርቁን ደጋግሞ ማዟዟር ያመጣል፤ ማዟዟር ደግሞ የእጅ አንጓ ሥራ ነው። ሙቀት አይወድም። ካውያ የተቀመጠበት ወይም በሐምሌ ፀሐይ መኪና ውስጥ የዋለ ምንጣፍ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ አለቀለት። ማስመሪያው ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ፣ 6 በ24 ኢንች ይሁን። ርዝመቱ ለምን 24 ሆነ ብትሉ፣ ሙሉው የጨርቅ ስፋት ለሁለት ሲታጠፍ 21 ወይም 22 ኢንች ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ግፊት እንዲቆረጥ ነው።

ስለ ማስመሪያው ትንሽ ልቆይ፣ ሰው ሁሉ ስለ ምላጩ እያወራ የሚረሳው እሱን ነውና። ቀኝ እጅ ሲቆርጥ ግራ እጅ ማስመሪያውን እንዳይንሸራተት ጣቶቹን ዘርግቶ ይጫናል። በእኔ በሽታ ሁለቱም እጆች እኩል ስለሚያዙ፣ ቀኙ ባረፈበት ግራው ሲሰቃይ ከረመ። መፍትሔው ርካሽ ነው። መስታወት ለሚሸከሙ ሠራተኞች የተሠራ፣ በአየር ስበት የሚጣበቅ እጀታ ገዝታችሁ ማስመሪያው ላይ ለጥፉት፤ ከዚያ በኋላ በተዘረጉ ጣቶች ፈንታ በጭብጥ መዳፍ ትጫኑታላችሁ። ከሥሩ ደግሞ ትንንሽ የሲሊኮን ነጠብጣቦች ይለጠፉበት። ቆማችሁ ቁረጡ፤ ጠረጴዛው እስከ ወገብ ይድረስ፤ ጉልበቱ ከትከሻ ይምጣ እንጂ ከእጅ አንጓ አይምጣ። ምላጩም ሁልጊዜ ከሰውነት እየራቀ ይሂድ።

ምላጭ መቀየርን አትሰስቱ። የዶለዶመ ምላጭ ጥቂት ክሮችን ሳይቆርጥ እየዘለለ ያልፋል፤ ሰውም ሳያውቀው ይጫናል፤ የተጫነው ሁሉ ማታ አንጓ ላይ ይወራረዳል። መለዋወጫው ውድ ነው፣ ይህን አልክድም። የአምስት ምላጭ እሽግ የራሱን የመቁረጫውን ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። አሮጌዎቹን ቆሻሻ ውስጥ እንዲሁ አትጣሉ፤ እኔ በባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሜ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ ነው የማስወግደው።

ለአገር ቤት ጨርቅስ? ይህን የምትጠይቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የሀበሻ ቀሚስ ትራፊ የሌለው ሐበሻ ቤት የለምና። የሽመና ጨርቅ ድሩ ላላ ያለ ስለሆነ መንኮራኩሩ ሲገፋው ይሸሻል፣ ጠርዙም ቶሎ ይተረተራል። ጨርቅ የሚያጠነክረውን ስታርች ረጭቶ በካውያ ማድረቅና ከሁለት ድርብ በላይ አለመደረብ ይበጃል። ጥበቡ ላይ የሚያብለጨልጭ ክር ካለ ምላጩን ቶሎ ያዶለዱመዋል፤ ለእሱ አሮጌ ምላጭ አስቀሩለት። ነጠላን ግን ባትቆርጡት ደስ ይለኛል። ሳይቆረጥ ለሕፃን ኩዊልት ገበር ሲሆን ልስላሴው ሌላ ነው።

መስመር ቀጥ ካላለ ኩዊልት አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ኩዊልቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ በሚገኘው በዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ቴምብር አድርጎ አትሟቸዋል። ብዙዎቹ መስመራቸው ይወላገዳል፤ ውበታቸውም እሱው ነው። እኔም ማስመሪያ መጫን በማልችልበት ቀን ማስመሪያውን ትቼ፣ መንኮራኩሩን በፈለገው እንዲሄድ አደርገዋለሁ። እንደዚያ የተቆረጠው ኩዊልት ሴት ልጄ አልጋ ላይ ነው፤ ከቀጥተኞቹ ሁሉ የመረጠችው እሱን ነው።

ዋጋው ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው፤ ምንጣፉና ማስመሪያው ሲጨመሩ ከመቶ ብዙም አይርቅም። ጆአን የተባለው ትልቅ የጨርቅ መደብር እ.ኤ.አ. በ2025 ሱቆቹን በሙሉ ከዘጋ ወዲህ ዕቃን ጨብጦ፣ ሞክሮ መግዛት ከብዷል፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ ሳይጨበጥ ባይገዛ ይመረጣል። በአካባቢያችሁ ትንሽ የኩዊልት ሱቅ ካለ ሂዱና እጀታውን ጨምቁት። ችግራችሁ አውራ ጣት ላይ ከሆነ እንደ እኔ ትወዱታላችሁ። ጭብጣችሁ ራሱ የደከመ፣ የውሃ ጠርሙስ መክፈት የሚያቅታችሁ ከሆናችሁ ግን ይህን ተዉት፤ በባትሪ የሚሠራውን ወይም ቀጥ ያለ እጀታ ያለውን የ60 ሚሊ ሜትር ተመልከቱ፤ መንኮራኩሩ በተለቀ ቁጥር የሚጠይቀው ጉልበት ይቀንሳል።

በሽታው ሲነሳብኝ ግን ማንኛውም እጀታ ዋጋ የለውም። ለዚያ ጊዜ ተቆርጦ የተዘጋጀ ጨርቅ አለ። ባለ 5 ኢንቹ አብዛኛውን ጊዜ 42 ቁራጭ እየሆነ ይታሸጋል፤ ከላይ ያሰላነው ኩዊልት በአራት እሽግ ልክ ይሞላል። ጎረቤቴ ማጭበርበር ነው ይላሉ፤ እሳቸው አንጓቸው ደህና ነው። የአራት እሽግ ዋጋ ከመቁረጫው ስለሚበልጥ ለዚያ ክፉ ሳምንት ብቻ ነው የምገዛው፤ ያውም ቅናሽ ሲኖር።