በወር አንድ ቀን፦ የመሥሪያ ቤታችን የወር አበባ ፈቃድ ከተጠቃሚ ዓይን

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የግል ድርጅት ኮል ሴንተር ነው። ስሙን አልጠቅስም። ቀኑን ሙሉ ሄድሴት አድርገን የደንበኛ ስልክ እንመልሳለን፤ አብዛኞቻችንም ሴቶች ነን። ድርጅቱ ለሴት ሠራተኞቹ በወር አንድ ቀን፣ ከነደመወዙ፣ የወር አበባ ፈቃድ ይሰጣል። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ወረቀት ላይ ብቻ ነው ወይስ የእውነት?" ብሎ ነው።

የእውነት ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ፈቃዱ ሲጀመር የነበረው አሠራርና አሁን ያለው በጣም ይራራቃሉ። ልዩነቱን ያመጣው የቀኑ ብዛት አይደለም። ያኔም አንድ ቀን ነበር፣ ዛሬም አንድ ቀን ነው። የተለወጠው ፈቃዱን ለማግኘት ለማን፣ ምን መናገር እንዳለብን ነው።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። እያንዳንዱ ጥሪ በሰከንድ ይቆጠራል። ሽንት ቤት ለመሄድ ሲስተሙ ላይ "ብሬክ" ማድረግ አለብሽ፤ እሱም ይቆጠራል። ንግግራችን ይቀረጻል፤ የኳሊቲ ክፍል እየሰማ ነጥብ ይሰጣል። የወር አበባዬ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ቁርጠቱ ከእምብርቴ በታች ይጀምርና ወገቤንና ጭኔን ይይዘኛል። አንዳንዴ ያስመልሰኛል። በዚያ ሁኔታ ሆኜ "እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎት?" ስል ድምፄ ይከዳኛል። አንድ ጊዜ "ድምፅሽ ፈገግታ የለውም" ተብዬ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ያን ቀን ወንበሩ ላይ ቀጥ ብዬ መቀመጥ እንኳ አቅቶኝ ነበር።

ሕመሙ የምናብ አይደለም። ማህፀን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ያመርታል፤ እሱ ጡንቻውን አጥብቆ ያኮማትረዋል። ኢቡፕሮፌን ብዙዎቻችንን የሚረዳን የዚህን ኬሚካል መመረት ስለሚቀንስ ነው። ሕመሙ ከበረታ በኋላ ከመዋጥ ገና ሲጀምር መዋጥ የተሻለ ይሠራል። እናቴ ደግሞ ጤና አዳምና ዝንጅብል አፍልታ ትሰጠኛለች፤ ሙቀቱ ብቻውን ደስ ይላል። ግን ኪኒንም ሻይም የማይበግረው ሕመም ያለባት ሴት አለች።

ፈቃዱ ሳይመጣ በፊት የነበረን ምርጫ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ለወሊድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ሠራተኛ ከታመመ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። የወር አበባን ግን የትም አያነሳም። ስለዚህ ያመማት ሴት ወይ ከዓመት ፈቃዷ ትቀንሳለች፣ ወይ የሕክምና ማስረጃ ታመጣለች። ማስረጃ ማምጣት ማለት ደግሞ ሆድሽን ይዘሽ ታክሲ መጋፋት፣ ካርድ ማውጣት፣ ወረፋ መጠበቅ ነው። ያም ነገ ለሚለቅ ሕመም። ስለዚህ አብዛኞቻችን ኪኒን ውጠን እንገባ ነበር።

የመጀመሪያው አሠራር እንዲህ ነበር። ጠዋት ለሱፐርቫይዘርሽ ትደውያለሽ፤ ምክንያቱን ትናገሪያለሽ። እሱ ደግሞ ሺፍቱን ለማሸጋሸግ በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስምሽን ጽፎ፣ አጠገቡ "ፔሬድ" ብሎ ይለጥፋል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሥራውን መሥራቱ ነው። ግን ግሩፑ ውስጥ ወንድ ሴቱ፣ ትናንት የተቀጠረው ሁሉ አለ። በማግስቱ ስትገቢ "ተሻለሽ?" የሚልሽ ሰው ብዛት! አንዳንዱ ከልቡ ነው፣ አንዳንዱ እየሳቀ ነው። ከዚህም ሌላ ፈቃዱን የወሰደች ሴት የወሩ የአቴንዳንስ ቦነስ ይቀርባት ነበር። ደመወዝሽ ሳይነካ ቦነስሽ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ የሚጠይቅ ጠፋ። ስብሰባ ላይም "ሴቶቹ ራሳቸው አልፈለጉትም" ተባለ። ይህ አባባል እስካሁን ያናድደኛል። የፈራነውን እንዳልፈለግነው ቆጠሩት።

ነገሩ በእኛ ቤት ብቻ የሆነ አይደለም። ጃፓን የወር አበባ ፈቃድን በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። መክፈል አለመክፈል ግን ለድርጅቱ የተተወ ነው። የአገሪቱ መንግሥት ባደረገው ጥናት ከሚገባቸው ሴቶች ውስጥ የተጠቀሙበት ከ1 በመቶ በታች ሆነው ተገኝተዋል። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2023 ከአውሮፓ ቀድማ ሕግ አወጣች፤ ክፍያውን የሚሸፍነው የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና ነው። ይህ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሸክሙ አሠሪው ላይ ብቻ አይወድቅም። ግን የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። እኔን የሚያስቀናኝ የዛምቢያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሥራ ሕጋቸው ሴት ሠራተኛ በወር አንድ ቀን፣ ያለ ሐኪም ወረቀት፣ ምክንያትም ሳትናገር መቅረት ትችላለች ይላል። እዚያ "የእናቶች ቀን" ነው የሚሉት፤ ልጅ ያላትም የሌላትም ትወስዳለች። ለኤች አር (የሰው ኃይል) ክፍላችን ማሻሻያ ስንጠይቅ ያቀረብነው ይህንኑ ነበር፦ ምክንያት አንጠየቅ።

ኤች አርን ማመስገን አለብኝ፤ ሰምተውናል። አሁን ፈቃዱን የምንሞላው ስልካችን ላይ ባለው የሠራተኞች ሲስተም ነው። ሺፍትሽ ከመጀመሩ በፊት ትገቢና "የአንድ ቀን ፈቃድ" የሚለውን ትጫኛለሽ። በቃ። ሱፐርቫይዘሩ የሚያየው ቦታሽ ክፍት መሆኑን ብቻ ነው። ቦነሱም አይነካም። ከዚያ ወዲህ ፈቃዱን የሚወስድ ሰው በዓይን የሚታይ ያህል ጨምሯል። ሁሉም ሴት ግን አትወስደውም። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ብዙም ስለማያማት ፈልጋው አታውቅም፤ ማንም አላስገደዳትም። "ፈቃድ ካለ ሁሉም በየወሩ ይቀራል" ያሉት ሰዎች ግምት እኛ ጋ አልሆነም።

አሁንም ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ። አንዱ የሌሊት ሺፍት ነው። ሌሊት የሚሠሩት ከማታው 4 ሰዓት ገብተው ንጋት 12 ሰዓት ይወጣሉ። ሲስተሙ ቀን የሚቆጥረው በካላንደር ስለሆነ ፈቃዱ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት "ቀሪ" ተብሎ ይመዘገባል። ለማስተካከል ሱፐርቫይዘር ጋ ሄዶ ማስረዳት ያስፈልጋል። የሌሊቶቹ ልጆች እኛ የተገላገልነውን ጥያቄ አሁንም እየተጠየቁ ነው ማለት ነው።

የማረፊያ ክፍሉም ከፈቃዱ ጋር የመጣ ነው። ትንሽ ክፍል ናት፤ አንድ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና የውሃ ማፍያ አላት። መሳቢያው ውስጥ ሞዴስ ይቀመጣል። እኔ ክፍሏን ከፈቃዱ እኩል እወዳታለሁ። ብዙ ጊዜ ሙሉ ቀን አያስፈልገኝም። ግማሽ ሰዓት ጋደም ብዬ፣ ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልቼ በፎጣ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ ካደረግሁ ተነስቼ እሠራለሁ። ውሃው ፈልቶ እንደወረደ አትሙሉት፤ ላስቲኩ ይኮማተራል፣ ያቃጥላል። ድርጅቱ ሁለት የሙቅ ውሃ የጎማ መያዣ ቢገዛልን ትልቅ ነገር ነው። ሞዴሱ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ እሱም ቢታሰብበት።

አንድ ነገር በጣም ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። ፈቃድ ሕክምና አይደለም። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ቀኗን በየወሩ ትወስዳለች፤ አልበቃ ሲላት ከዓመት ፈቃዷ ትጨምራለች። "የእኔ እንዲህ ነው፣ ከእናቴ የወረስኩት ነው" ትል ነበር። በስንት ልመና ሐኪም ጋ ሄዳ ኢንዶሜትሪዮሲስ ተባለች። የማህፀን ግድግዳን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ የሚመጣ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል ይላል። ስለዚህ በየወሩ ከአልጋ የሚያውልሽ ከሆነ እባክሽ ታዪ። ለእሷ ዓይነቷ ሴት አንድ ቀን አይበቃም፤ የሕመም ፈቃዱም ሕክምናውም ይገባታል።

ታናሽ እህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት "እኛስ?" አለችኝ። የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለተማሪም ያሰበ አለ። ሕንድ ውስጥ፣ ኬረላ ግዛት፣ የኮቺን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ የሴት ተማሪዎችን አቴንዳንስ በ2 በመቶ አቀለለ። ፈተና ለመቀመጥ ይጠየቅ የነበረው 75 በመቶ ለእነሱ 73 ሆነ። የጠየቁት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ወዲያው የግዛቱ መንግሥት ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቹ አሰፋው። ለእህቴ ስነግራት ደስ አላት፤ ግን የሷ ጭንቀት ሌላ ነው። ላብ (የላቦራቶሪ ትምህርት) ካመለጣት የሚደግምላት የለም። ድንገተኛ ኩዊዝ ካለ ዜሮ ነው። ዶርም ውስጥ ደግሞ ውሃ ይጠፋል። ተማሪ ቀኑን ብታገኝም ትምህርቱ ትቷት ይሄዳል። ለእነሱ የሚያስፈልገው ያመለጠውን ላብና ኩዊዝ፣ ለመምህሩ ዝርዝር ሳይናገሩ፣ በሌላ ቀን መሥራት መቻል ይመስለኛል።

"እንዲህ ከሆነ ማን ሴት ይቀጥራል?" የሚሉ ወንድ ባልደረቦችም አሉን። ፍርሃቱን አልንቀውም፤ እውነተኛ ነው። ለዚህ ነው ወጪው እንደ ስፔን ቢጋራ የምለው። ግን ያመማት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥሪ እያበላሸች መዋሏም ለድርጅቱ ወጪ ነው። እሱን ማንም አያሰላውም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የጽዳት ሠራተኞቻችን ጉዳይ ነው። የተቀጠሩት በኤጀንሲ በኩል ስለሆነ ፈቃዱ እነሱን አይመለከትም። ማረፊያ ክፍላችንን የምታጸዳልን እትዬ ያንን ፍራሽ በየቀኑ ታነጥፋለች፤ እሷ ግን ተኝታበት አታውቅም። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ስትወለውል አይቼ "እትዬ፣ ትንሽ እረፊ" ብላት "እናንተማ ታድላችኋል፣ ልጄ። እኔ አንድ ቀን ከቀረሁ የቀኑ ይቆረጥብኛል" አለችኝ። ደመወዟ ከእኛ ያነሰ፣ ሥራዋ ከእኛ የከበደ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ናት። ከእኛ ይልቅ ለእሷ ነበር የሚገባው።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ጓደኞቼ፦ አዎ፣ አሁን ያለው አሠራር ጥሩ ነው፤ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አዲስ ቦታ የምትቀጠሩ ካላችሁ "ስንት ቀን ትሰጣላችሁ?" ብላችሁ አታቁሙ። ፈቃዱን ማን እንደሚያጸድቀው፣ ምክንያቱ የት እንደሚጻፍ፣ ቦነስ እንደሚቀንስ እንደማይቀንስ ጠይቁ። የሌሊት ሺፍቱን ችግርና የጽዳት ሠራተኞቹን ጉዳይ ተፈራርመን ለኤች አር አስገብተናል። ሲስተሙን የሚያስተካክል ሰው እየተፈለገ ነው ተብለናል። ከኤጀንሲው ጋር ያለው ውል ሐምሌ ላይ ስለሚታደስ ፈቃዱን ያኔ እናስገባዋለን ብለውናል። ይህንኑ በጽሑፍ እንዲሰጡን ጠይቀናል።