«ግማሹ በስኮላርሺፕ ተሸፍኗል» ካሏችሁ ወረቀቱን ገልብጡት

ኮሌጅ ልትገቡ ወይም ልጅ ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ እኔ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ።

ሁለት ቦታ ተቀብለውኝ ነበር፤ አንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲና አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ። ዩኒቨርሲቲው ገና ከበሩ አደከመኝ። ሰልፍ፣ ግርግር፣ «መስኮት 4 ሂድ»፣ «አይ፣ መስኮት 7 ነው»። ኮሌጁ ግን በስሜ ጠርቶ ቢሮ አስገባኝ። ወንበር ሳቡልኝ። «እዚህ ቤተሰብ ነን» አሉኝ። ከዚያ በወፍራም ወረቀት የታተመ ደብዳቤ መጣ፤ የክፍያዬ ግማሽ በስኮላርሺፕ ተሸፍኗል። እስከ ዓርብ ካልፈረምክ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሐሙስ ፈረምኩ።

ጉዱ ያለው ከጀርባው ነበር፣ በደቃቅ ፊደል። ቅናሹ የሚታደሰው ጂፒኤዬ፣ ማለትም አማካይ ውጤቴ፣ ከ3.5 ካልወረደ ብቻ ነው። ይሄስ ይሁን። የባሰው፣ ቅናሹ በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ ገንዘብ ነው። ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል፣ ቅናሹ ባለበት ይቆማል። እስቲ አስሉት። ክፍያው 100፣ ቅናሹ 50 ነው እንበል። በዓመት 8 በመቶ ከጨመረ አራተኛ ዓመት ላይ 126 ይደርሳል። ከኪሳችሁ የሚወጣው ከ50 ወደ 76 አደገ ማለት ነው። ግማሽ የተባለው የት ሄደ?

ደግሞ «ስኮላርሺፕ» ሲባል ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። ክፍል ገብቼ ባጣራ ያለ ስኮላርሺፕ የተመዘገበ አንድ ሰው አላገኘሁም። ዋጋ ሰቅሎ ቅናሽ መለጠፍ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

«አንድ መምህር ለ12 ተማሪ» የሚለውም እንዳያታልላችሁ። ያ ጠቅላላ ተማሪው ለጠቅላላ መምህሩ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው እንጂ የክፍላችሁ ልክ አይደለም። የአንደኛ ዓመት ክፍሎች ስንት ስንት እንደሚይዙ ጠይቁ። ትንሽ ኮሌጅ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ መምህር ስለሚያንስ አንዳንድ ኮርስ በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል። አንዱ አመለጠኝና መመረቂያዬ አንድ ዓመት ሊገፋ ሆነ።

ያኔ ነው ወደ ዩኒቨርሲቲው ልዛወር ያልኩት። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ትራንስክሪፕቴን፣ ማለትም የውጤት ወረቀቴን፣ ዘርግታ በእስክሪብቶ መሰረዝ ጀመረች። አንዱን ሰረዘች፣ ቀጣዩን ሰረዘች፣ ቀና ብላ አየችኝና እንደገና ሰረዘች። ከ41 ክሬዲት 17 ተረፈ። ኮሌጁ እውቅና ነበረው፤ ግን ኮሌጁ እውቅና አለው ማለት እያንዳንዱ ኮርስ ሌላ ቦታ ይቆጠራል ማለት አይደለም።

መዘጋትም አለ። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ የነበረው ማውንት አይዳ የተባለ ትንሽ የግል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2018 እዘጋለሁ ካለ በስድስት ሳምንት ገደማ በሩን ዘግቷል።

ትንሽ ኮሌጅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። መምህሯ ስሟን አውቆ፣ ጽሑፏን መስመር በመስመር አርሞላት የወጣች ጓደኛ አለችኝ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲም አንደኛ ዓመት ላይ 300 ተማሪ አዳራሽ ውስጥ ይከምራል። ግን ስትፈርሙ የአራቱን ዓመት ክፍያ፣ የቅናሹን ሁኔታ፣ የትኛው ክሬዲት የት እንደሚቆጠር በጽሑፍ ያዙ። የቃል ተስፋ ሬጅስትራር መስኮት ላይ አያሳልፍም።

ዘንድሮ ለታናሽ እህቴም ያው ወፍራም ወረቀት መጣላት። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በኢሜይል ላከችላቸው። ሁለት ጊዜ ደውለው «ነይና ቢሮ እናውራ» አሏት። በጽሑፍ ግን እስካሁን የመጣ መልስ የለም።