የአንድ ቀን የወፍ ጉብኝት ወደ አንኮበር

አዲስ አበባ ካሉት የወፍ አስጎብኚ ድርጅቶች በአንዱ በኩል በጥቅምት መጨረሻ አንኮበር ደርሼ ተመልሻለሁ። የድርጅቱን ስም የማልጠቅሰው ጉድለቱ የእርሱ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። መኪናው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደጃፌ ቆሟል፤ ሾፌሩም ጠንቃቃ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በልተን፣ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የአንኮበር መንገድ ይዘን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ገደሉ አፋፍ ደረስን። (አሁን ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ቢጠይቅ ይሻለዋል።)

አስጎብኚው ወፍ ያውቃል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። የአንኮበር ሴሪን የምትባለው ወፍ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ፣ እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስም በሳይንስ ያልታወቀች፣ ቡናማና ዝንጉርጉር የሆነች ትንሽ ወፍ ናት። ላባዋ ከሣሩና ከድንጋዩ ስለማይለይ አጠገቧ ደርሶም ሳያዩዋት ማለፍ ይቻላል። እርሱ ግን ከመኪና እንደወረድን፣ በገደሉ ጠርዝ ላይ ፍሬ የሚለቅሙ ስድስት ሰባት ወፎች አሳየን።

ነገር የተበላሸው ወፎቹ ተነሥተው ከታች ካለው እርከን ሲያርፉ ነው። አስጎብኚው «በዚህ፣ በዚህ!» እያለ ቀድሞ ወረደ፤ እኛም አምስታችን ካሜራችንን አንጠልጥለን ተከተልነው። ለአጨዳ የደረሰ ገብስ ውስጥ መግባታችንን የተረዳሁት የዛላው ጢም ሱሪዬን ሲወጋኝ ነው፤ ካቡን ስንሻገርም ሁለት ድንጋይ ተንዶ ወረደ። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው ከማዶ መጡ። አልተቆጡም። የተጋደመውን ገብስ በዱላቸው ጫፍ ቀና ለማድረግ እየሞከሩ፣ «ልጆቼ፣ ወፏን እዩ፣ ማን ከለከላችሁ? ግን እንዴት አደሩ ሳይባል ሰው ማሳ ይገባል?» አሉ። አስጎብኚው 200 ብር ሲዘረጋላቸው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። እኔም አብሬ አፍሬያለሁ፤ ገብሱ ውስጥ የገባሁት በገዛ እግሬ ነውና።

በመልሱ ጉዞ ላይ ከመካከላችን አንዱ፣ መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ሰውየው ሊከለክሉን አይችሉም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ይህ ውኃ የሚያነሣ ክርክር አይደለም፤ መሬቱን ባይሸጡትም የመጠቀም መብቱ የባለይዞታው ነው፣ በላዩ ያበቀሉት ገብስ ደግሞ ንብረታቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ በቆላው ወደ መልካ ጀብዱ ወርደን፣ እዚያ የምትታወቀውን ባለ ቢጫ ጉሮሮ ሴሪን ፈልገናል። አስጎብኚው የወፏን ድምፅ ከስልኩ ደጋግሞ አጫወተ። አንድ ሁለት ጊዜ ቢሆን ዝም ባልሁ፤ ሳያቋርጡ ማጫወት ግን ወፏ ባላንጣ የመጣባት መስሏት ከምግብ ፍለጋዋ ወይም ከጎጆዋ እንድትነሣ ያደርጋል። እንዲተው ስንጠይቀው ያለማመንታት ተወ፤ ይህን ለእርሱ እቆጥርለታለሁ።

ክፍያው መኪናን፣ ነዳጅን፣ ምሳንና አስጎብኚን ያጠቃልላል፤ ለቀበሌው ሰው ተብሎ የተያዘ ነገር ግን የለበትም። ማሳዎቹን በባለቤቶቻቸው ስም የሚያውቅ አንድ የአካባቢው ወጣት የቀን አበል ተከፍሎት አብሮን ቢሄድ ኖሮ፣ በየትኛው ወሰን እንደሚታለፍና ማን አስቀድሞ ሰላም እንደሚባል ይነግረን ነበር። ለዚህ የሚጨመረውን ብር በደስታ እከፍላለሁ። ለመጓጓዣውና ለወፍ ዕውቀቱ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለቀረው ከሁለት አላልፍም።

ይህንኑ ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቄ ነበር። በማግስቱ ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ ጠይቀው፣ በሚቀጥለው ጉዞ የዐሥር በመቶ ቅናሽ እንደሚያደርጉልኝ ጻፉልኝ። ለእኔ።