ለነፍሰ ጡሮች የታይሮይድ ምርመራ፦ ደም አቀዳዱ ያስመሰግናል፣ የውጤት ወረቀቱ ያሳስታል

እህቴ የታይሮይድ ዕጢዋ በቂ ሆርሞን ስለማያመነጭ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ምትክ ሆርሞን ክኒን ትወስዳለች። ከፀነሰች ወዲህ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስ በየአራት ሳምንቱ እንድትመረመር በመታዘዙ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ላብራቶሪ አብሬያት ስመላለስ ቆይቻለሁ። ስለ ደም አቀዳዱ የምለው ምስጋና ብቻ ነው፤ ባለሙያዋ የጠዋቱን ክኒን ወስዳ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውንና ውጤት የሚያዛባውን ባዮቲን ትወስድ እንደሆነም ጠይቃታለች።

ቅሬታዬ ከውጤት ወረቀቱ ጋር ነው። በአምስተኛ ወሯ የተሰጣት ወረቀት ጠቅላላ ቲ4ን (በደም ውስጥ ያለውን የዋናውን የታይሮይድ ሆርሞን አጠቃላይ መጠን) «ከፍተኛ» ብሎ በቀይ ያሳያል፤ ጎኑ የታተመው መመዘኛ ግን ላላረገዘ ሰው የሚሆን ነው። በእርግዝና ወቅት ኢስትሮጅን ሆርሞኑን በደም ውስጥ የሚሸከመውን ፕሮቲን ስለሚያበዛ፣ ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ጠቅላላ ቲ4 በ50 በመቶ ገደማ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። እህቴ «በዛብኝ» ብላ ክኒኑን ልትቀንስ ስትል ሐኪሟ ቲኤስኤችዋን (ዕጢው እንዲያመነጭ የሚያዘውንና እጥረት ሲኖር ከፍ የሚለውን ሆርሞን) አይተው ከ2.5 በታች በመሆኑ መጠኑ ባለበት እንዲቀጥል፣ የብረት ክኒኑንም ቢያንስ በአራት ሰዓት እንድታራርቀው አዘዟት።

ክኒኑን በራሷ ቀንሳ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል አይሆንም ነበር። ያልታከመ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት፣ ያልተቆጣጠሩት ትርፍም ጭምር፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆንና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲታይ ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል ሲጎዳ ከሚታወቀው ፕሪኢክላምፕሲያ ስጋት ጋር ይያያዛል።

ላብራቶሪው ይህንኑ ስጋት ለገበያ መጠቀሙ አልተዋጠልኝም። የታይሮይድ ምርመራውን «የፕሪኢክላምፕሲያ ቅድመ ትንበያ» በሚል ጥቅል ያቀርበዋል፤ ሆኖም የታይሮይድ ቁጥር ብቻውን በሽታው ማንን እንደሚይዝ አይናገርም፣ ቀለል ያለ የቲኤስኤች ጭማሪን በመድኃኒት ማስተካከልም በሽታውን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። ግፊትን በየክትትሉ መለካትና ሽንትን መመርመር የሚተካ ነገር የለም፤ እነዚህ ደግሞ በጤና ጣቢያም ይሠራሉ።

ለደም ምርመራው ደግሜ እሄዳለሁ፤ ጥቅሉን ግን አልገዛም። የሚሄዱ እናቶች የእርግዝናቸው ሳምንት በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍላቸው ይጠይቁ፤ አስተዳደሩም የነፍሰ ጡር መመዘኛ በወረቀቱ ላይ ቢያትም መልካም ነው።