ኦርጋኒክ ወይስ መደበኛ? ወተት፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ቲማቲምና ዱቄት ጎን ለጎን

ኦርጋኒክ የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ ላይ ጨምሮ የሚከፍል ሰው ሁለት ነገር ባንድ ላይ የገዛ ይመስለዋል፤ አንድም ኬሚካል ያልነካው፣ አንድም ቫይታሚኑ የበዛ። የመጀመሪያው በአብዛኛው ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን እንደ ሸቀጡ ነው፤ በወተት ስብ ላይ የሚለካ ልዩነት አለ፣ በእንቁላል ላይ የልዩነቱ ምክንያት ሌላ ነው፣ በስንዴ ዱቄት ላይ ደግሞ መደበኛው የሚበልጥበት ነገር አለ። በፋብሪካ ማዳበሪያና በፀረ ተባይ የሚመረተውን "መደበኛ" እያልን በየሸቀጡ እንየው።

መጀመሪያ ጥናቶቹ ለምን እንደሚጋጩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ አሠሪነት የወጣው ግምገማ 162 ጥናቶችን አገላብጦ ጥራታቸው አጥጋቢ ነው ያላቸው 55ቱን ብቻ ነበር፤ በቫይታሚንና በማዕድን በኩል ለጤና የሚተርፍ ልዩነት አላገኘም። በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከዚሁ ብዙም ያልራቀ ድምዳሜ ላይ ደረሱ። በ2014 ግን በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን 343 ጥናቶችን አጠቃልሎ፣ በኦርጋኒክ ሰብሎች ውስጥ ፖሊፊኖልን የመሳሰሉ አንቲኦክሲደንቶች እንደየዓይነታቸው ከ18 እስከ 69 በመቶ እንደሚበልጡ፣ ካድሚየም የተባለው ጎጂ ብረት በተለይ በእህል ላይ እንደሚያንስ፣ የፀረ ተባይ ቅሪትም በመደበኛው ላይ 4 እጥፍ ያህል አዘውትሮ እንደሚገኝ ጻፈ።

ሦስቱ የሚጣሉ ቢመስሉም የቆጠሩት ነገር አንድ አይደለም። ናይትሮጅን በገፍ ያገኘ ተክል ቶሎ ይፋፋል፤ ቅጠልና ውሃ ያበዛል። የተቆጠበበትና ተባይም የሚተናኮለው ተክል መከላከያ ውህዶቹን ያበዛል፤ ፖሊፊኖል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጠቃሚ ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ ይሁን እንጂ እንደ ቫይታሚን ሲ "በቀን ይህን ያህል ያስፈልጋል" የተባለ ልክ የላቸውም። ካድሚየሙ ደግሞ ከፎስፌት ማዳበሪያ ጋር አብሮ ወደ አፈሩ የሚገባ ነው። ስለዚህ ሻጭ "60 በመቶ ይበልጣል" ሲልዎ "ምኑ?" ብለው ይጠይቁ።

ማህተሙ

አሜሪካ ውስጥ ክቡ የዩኤስዲኤ (የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር) ኦርጋኒክ ማህተም ያለበት የታሸገ ምግብ ከጨውና ከውሃ በቀር 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት። "በኦርጋኒክ ግብዓት የተሠራ" የሚለው 70 በመቶ ይበቃዋል፤ ማህተሙን ግን መለጠፍ አይችልም። ማሳው የተከለከለ ነገር ሳይነካው 3 ዓመት መቆየት አለበት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አረንጓዴውን ባለከዋክብት ቅጠል ይፈልጉ፤ ሥሩ ላይ የተቆጣጣሪው ድርጅት ኮድ ይጻፋል። "ናቹራል" የሚለው ቃል ስለ አመራረቱ ምንም አይናገርም፤ ለእሱ ብለው አይክፈሉ። ፍራፍሬ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ባለ 5 አሃዝ ሆኖ በ9 ከጀመረ ኦርጋኒክ ማለት ነው፤ መደበኛው ሙዝ 4011፣ ኦርጋኒኩ 94011።

ማህተሙ "ምንም አልተረጨም" ማለትም አይደለም። የመዳብ ውህዶች፣ ከአበባ የሚወጣው ፓይሬትሪን፣ ስፒኖሳድ የተባለው ፀረ ተባይ በኦርጋኒክ እርሻ ይፈቀዳሉ። የሚቀረው ቅሪት ያንሳል፤ ዜሮ ነው ብሎ መሐላ ግን አይቻልም።

ወተት

ልዩነቱ በግልጽ የሚለካው እዚህ ነው። በአሜሪካ ደንብ የኦርጋኒክ ላም በዓመት ቢያንስ 120 ቀን መስክ ላይ መጋጥ፣ በግጦሹ ወራትም ከደረቅ መኖዋ ቢያንስ 30 በመቶውን ከመስክ ማግኘት አለባት። ሣር ኦሜጋ 3 አለው፤ በቆሎ የለውም ማለት ይቻላል፤ ላሟ የበላችው ወደ ስቡ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በ100 ግራም ያልተገፈፈ ወተት ውስጥ በኦርጋኒኩ 0.032 ግራም፣ በመደበኛው 0.020 ግራም ኦሜጋ 3 አግኝቷል።

መቶኛው ትልቅ ነው፤ ግራሙን እናስላው። አንድ ኩባያ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር፣ ኦርጋኒክ ወተት 0.08 ግራም ገደማ፣ መደበኛው 0.05 ግራም ገደማ ይሰጣል። ብልጫው 0.03 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከ0.5 ግራም በላይ አለው፤ ከ6 ኩባያ ኦርጋኒክ ወተት ይበልጣል ማለት ነው። የኦሜጋ 3ው ዓይነትም በአብዛኛው ወተቱ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። ለኦሜጋ 3 ብቻ ብለው ወተት የሚቀይሩ ከሆነ ተልባው ይሻላል፤ ግን ይፈጭ (ፍሬው እንዳለ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል)፣ ከተፈጨ በኋላም በተዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ይግባ፤ ውጭ ከዋለ ቶሎ ይበላሻል። ስቡ የወጣለት ወተት የሚገዛ ሰው ደግሞ ኦሜጋ 3ቱ ከስቡ ጋር ስለሄደ ለዚያ ብሎ ለኦርጋኒክ መክፈሉ ትርጉም የለውም።

በአዮዲን በኩል ሚዛኑ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወተት ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ መደበኛው ወተት በአዮዲን በ74 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ አንዱ ምክንያት ለመደበኛ ላሞች በመኖ ውስጥ የሚጨመረው ማዕድን መብዛቱ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል። አዮዲን ያለው ጨው በማይዘወተርበት አገር የምትኖርና ወተቷን ሁሉ ወደ ኦርጋኒክ የቀየረች እናት ከሌላ ቦታ መተካት አለባት፦ አዮዲን ያለው ጨው፣ ዓሣ፣ እንቁላል።

አንድ የማጀት ጉዳይም አለ። በአሜሪካ ብዙው ኦርጋኒክ ወተት መደርደሪያ ላይ እንዲቆይ ሲባል 138 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ2 ሴኮንድ የጋለ ነው። ለእርጎ አያስቸግርም። በሎሚ ወይም በአቼቶ አይብ ለማውጣት ግን ፍርፍሩ ይልማል፣ ከጨርቁም ጋር ይወጣል። ለአይብ ካርቶኑ ላይ "አልትራ ፓስቸራይዝድ" የማይለውን ይምረጡ፤ ኦርጋኒክ ሆነም አልሆነም።

እንቁላል

እዚህ ማህተሙ ሳይሆን መስኩ ነው የሚወስነው። የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሥራ፣ ሣርና ጥራጥሬ ቅጠል ላይ የዋሉ ዶሮዎች እንቁላል በሳጥን ከተያዙት ሲነጻጸር ቫይታሚን ኢው 2 እጥፍ፣ ጠቅላላ ኦሜጋ 3ው 2 እጥፍ ተኩል ነበር። ኦርጋኒክ የሚል ካርቶን ግን መኖው ኦርጋኒክ መሆኑንና ዶሮዋ ወደ ውጭ መውጫ እንዳላት እንጂ ሣር መብላቷን አያረጋግጥም። አውሮፓ ያለ ሰው እንቁላሉ ላይ የታተመውን የመጀመሪያ አሃዝ ይይ፦ 0 ኦርጋኒክ፣ 1 ውጭ የምትወጣ፣ 2 በቤት ውስጥ የተለቀቀች፣ 3 በሳጥን የተያዘች። 1 እና 3 መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ0 እና 1 ይሰፋል።

የአስኳሉ ቅላት ምስክር አይሆንም። ቢጫ በቆሎ፣ የአበባ ዱቄት፣ በርበሬም ጭምር በመኖ ውስጥ ሲገባ አስኳል ያቀላል። አገር ቤት የሀበሻ እንቁላል ሲገዙ ደግሞ በፍሬ ሳይሆን በክብደት ያነጻጽሩ፤ አንዱ 40 ግራም ገደማ ሲሆን የፈረንጁ ከ55 እስከ 60 ግራም ይመዝናል።

ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም

ቲማቲም ላይ የካሊፎርኒያው ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ለ10 ዓመት ጎን ለጎን ካለማቸው ማሳዎች ያስቀመጣቸውን ናሙናዎች መርምሮ፣ በኦርጋኒኩ ውስጥ ከፖሊፊኖሎቹ ኩዌርሴቲን 79 በመቶ፣ ኬምፕፌሮል 97 በመቶ በልጠው አግኝቷል። ቲማቲሙን የሚያቀላው ላይኮፒን ግን ከማዳበሪያው ይልቅ የዝርያውና የብስለቱ ነገር ነው፤ በዘይት ሲቁላላ ደግሞ ሰውነት የበለጠ ይወስደዋል። ለወጥ ከሆነ እንግዲህ በደንብ የቀላ መደበኛ ቲማቲም ሳይበስል ተቀጥፎ መንገድ ላይ ከቀላ ኦርጋኒክ አያንስም።

ጎመን ላይ ጉዳዩ ቅሪቱ ነው። ውጭ አገር ያሉ አበሾች ለጎመን የሚገዙት ኮላርድና ኬል ሰፊ ቅጠል ናቸው፤ የተረጨባቸውን ይይዛሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዳክታል የተባለውን ፀረ አረም ለጽንስ አደገኛ ነው ብሎ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. በአስቸኳይ አግዷል፤ ለጎመን ዘሮችና ለሽንኩርት ይረጭ የነበረ ነው፤ ቀደም ባሉ ምርመራዎችም ከኬል ናሙናዎች ከግማሽ በላይ ላይ ተገኝቶ ነበር። በጀት ከተወሰነ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ባለበት ቤት፣ የኦርጋኒክ ብር መጀመሪያ የሚውለው ቅጠላ ቅጠል፣ ጥሬውን የሚበላ ቃሪያና እንጆሪ ላይ ነው። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ አናናስ የሚላጡ ናቸው፤ መደበኛውን ይግዙ።

ቫይታሚን ሲን በተመለከተ ግን ከማህተሙ ይልቅ ጊዜ ይበልጣል። ጠውልጎ መደርደሪያ ላይ የከረመ ኦርጋኒክ ቆስጣ ትናንት ከተቀጠፈ መደበኛ ያንሳል። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ደግሞ ግማሹን ያህል ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከትፈው ከማጠብ አጥበው ይክተፉ፤ በጥቂት ውሃ ከድነው ያብስሉ፣ ውሃውም እዚያው ይምጠጥ።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ይኸውም 2 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም)፣ ያሟሙ፤ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ በወራጅ ውሃ እያሹ ያለቅልቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የማሳቹሴትስ ተመራማሪዎች በፖም ላይ ሲሞክሩት ከላይ የተቀባውን ታያቤንዳዞል የተባለ ፀረ ፈንገስ 80 በመቶ፣ ፎስሜት የተባለውን ፀረ ተባይ 96 በመቶ አስወግዷል። ወደ ሥጋው የሰረገው ግን አልወጣም፤ ምንም ዓይነት እጥበት አያወጣውም፤ መላጥ ብቻ ነው የሚያወጣው። አቼቶ ከፀረ ተባይ ይልቅ ለጀርም ይጠቅማል። ኦርጋኒኩንም ይጠቡ፤ በፍግ የለማ ነውና። የአሜሪካ ደንብ ጥሬ ፍግ አፈር ለሚነካ ሰብል ከመሰብሰቡ 120 ቀን፣ ለማይነካው 90 ቀን አስቀድሞ እንዲገባ የሚያስገድደው ለዚሁ ነው።

ዱቄትና ጤፍ

ናይትሮጅን ያነሰው ስንዴ ፕሮቲኑም ያንሳል። ኦርጋኒክ ዱቄት ለድፎ ዳቦ ገዝተው ሊጡ የሚፈስ፣ ዳቦውም የሚተኛ ከሆነ ጥፋቱ የእርሾው ላይሆን ይችላል። ከረጢቱ ጀርባ ላይ በ100 ግራም ስንት ግራም ፕሮቲን እንደተጻፈ ይዩ፤ ለዳቦ 12 እና ከዚያ በላይ፣ ለብስኩትና ለኬክ 9 ወይም 10 ይበቃል። ዝቅ ያለውን ከያዙ ውሃውን ቀነስ አድርገው ይጀምሩ።

የጤፍ ብረት ከኦርጋኒክነቱ ጋር አይገናኝም። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈሩ የሚቀላቀል ነው፤ ለዚህ ነው የተለያዩ መለኪያዎች ሰማይና ምድር የሚራራቁት። ሰውነት እንዲወስደው የሚያግዘው ቡኮው በደንብ መብላላቱ ነው፤ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት እርሾው ይፈታዋል። በአንድ ሌሊት የተጣደፈ ኦርጋኒክ ሊጥ ሦስት ቀን ከተብላላ መደበኛ አይሻልም።

ኦርጋኒክ ስኳር ስኳር ነው፤ በግራም 4 ካሎሪ። ኦርጋኒክ ብስኩትም እንዲሁ።

አዲስ አበባ ላይ

ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ካወጣች ቆይታለች፤ አዋጅ ቁጥር 488/1998 ነው። ዳሩ ግን ማረጋገጫው በአብዛኛው የሚታየው ለውጭ ገበያ በሚሄደው ቡና ላይ ነው፤ ጉልት ላይ "ኦርጋኒክ ነው" የሚባለው የሻጯ ቃል ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ኦርጋኒክ ነው?" ሳይሆን "ከየት መጣ?" ይሁን። ቲማቲሙ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ከሆነ ፀረ ፈንገስ አዘውትሮ የሚረጭበት ነው፤ ቆዳው ላይ ነጣ ያለ አቧራ ከታየ በሶዳው ውሃ ይዘፍዘፍ። ሰላጣውና ቆስጣው በአቃቂ ወንዝ የለማ ከሆነ ማዳበሪያ አለመግባቱ አያድነውም፤ ወንዙ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ተሸካሚ ነው። ከባድ ብረትን እጥበት አያስለቅቅም፤ ጥሬ ሰላጣ ከሆነ ምንጩን መቀየር ነው።

ወተት ላይ ደግሞ "የሰፈር ላም ነው፣ ኬሚካል አያውቅም" መባሉ ብዙ ያዘናጋል። በአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከ110 ናሙናዎች በሁሉም አፍላቶክሲን ኤም 1 የተባለው ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ተገኝቷል፤ የአውሮፓን ወሰን፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ገደማ፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው። ሻጋታው ተፈጥሯዊ ነው፤ መርዙ ግን በማፍላት አይጠፋም፣ በእርጎም በአይብም ውስጥ ይቆያል። ወተት ከሚያመጣልዎት ሰው ጋር ስለ ፋጉሎው ያውሩ፦ ኑግ ነው ወይ፣ በስንት ጊዜ ነው የሚገዛው፣ መሬት ላይ ነው ወይስ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ የሚቀመጠው፣ በክረምት እርጥበት ይነካዋል ወይ፣ የሻገተውንስ ይጥላል ወይስ ለላሟ ይሰጣል።