በ40 ሺህ ብር አዲስ ላፕቶፕ ወይስ ያገለገለ?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሆነ ቁጥር ስልኬ ዕረፍት የለውም። ጥያቄው ዓመት እስከ ዓመት አይለወጥም፤ «ልጁ ላፕቶፕ ያስፈልገዋል፣ ያለን አርባ ሺህ ብር ነው፣ ከካርቶኑ የሚወጣ አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?» አንዳንዱ ደግሞ ገዝቶ፣ ካርቶኑን ቀዶ፣ ደረሰኙን ጥሎ ነው የሚደውለው። ለእሱ የሚሆን መልስ የለኝም። ላልገዛችሁት ግን መልሴን በጽሑፍ ላስቀምጠው፤ ሲደውሉልኝም ይህንኑ እልካለሁ።

ያገለገለውን ግዙ። ያገለገለ የተባለውን ሁሉ ማለቴ አይደለም። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ተብሎ የተሠራውን፣ ማለትም የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲውድ ወይም የኤችፒ ኤሊትቡክ የሚባለውን መስመር፣ ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አእምሮ) ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነውን ግዙ። የቀረው ጽሑፍ ለምን እንደሆነና ስትገዙ እንዴት እንደማትታለሉ ነው።

ከዋጋው እንጀምር፤ ነገሩ ሁሉ ዋጋ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ዋጋ የሚጽፍ ሰው ወር ሳይሞላው ውሸታም ይባላል። ስለዚህ ከቁጥሮቹ ይልቅ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ያዙልኝ። በቅርቡ መገናኛና ቦሌ ስጠይቅ፣ ከሁሉ ርካሹ አዲስ ላፕቶፕ (ሴሌሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደር) ከ38 እስከ 45 ሺህ ብር ይጠሩልኝ ነበር። ያገለገለው ኮር አይ 5 ስምንተኛ ትውልድ፣ ባለ 8 ጊጋባይት ራምና ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ደግሞ ከ30 እስከ 38 ሺህ። ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል ብላችሁ 5 ሺህ ብር ለብቻው አስቀምጡ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ያገለገለው ብዙውን ጊዜ ከአዲሱ አይበልጥም፤ ሻይና ትራንስፖርትም ይተርፋችኋል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ቴሌግራም ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉትን ሻጮች እለፏቸው። በውስጥ መስመር የሚነገር ዋጋ እንደ ጠያቂው ይለያያል። እኔና እህቴ ለአንድ ዕቃ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሻጭ ሦስት ሺህ ብር የሚለያይ መልስ ደርሶናል፤ ውዱን የተጠየቀችው እሷ ነበረች። ዋጋውን በግልጽ የሚጽፍ ሻጭ ቢያንስ ለሁሉም እኩል ነው።

አሁን ያ የ40 ሺህ ብር አዲስ ላፕቶፕ ውስጡ ምን እንዳለ እንመልከት። ሻጩ «አዲስ ነው፣ እሽጉ አልተፈታም» ሲል እውነቱን ነው። የማይነግራችሁ ግን ሴሌሮን ኤን 4020 የሚባለው ፕሮሰሰር ባለ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚከፋፈሉ ክፍሎች) ብቻ መሆኑን፣ ራሙ ብዙውን ጊዜ ከቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ ነገ ልጨምርበት ቢሉ እንደማይቻል፣ ማከማቻውም ኢኤምኤምሲ የሚባል፣ ስልክ ውስጥ ከሚገኘው ዓይነት ዘገምተኛ ቺፕ ሊሆን እንደሚችል ነው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ዝቅተኛው መሥፈርት 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። እንግዲህ 4 እና 64 የሆነ ማሽን ስትገዙ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ የመሥፈርቱ ወለል ላይ የተቀመጠ ማሽን ገዛችሁ ማለት ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ማሻሻያ ሲመጣ ማከማቻው ቀይ ያበራል፤ ተማሪው ፎቶና የትምህርት ፋይል እየሰረዘ ለዊንዶውስ ቦታ ይለቅቃል። አሳሹ ላይ አምስት ገጽ ከፍቶ ጽሑፍ መጻፍ ሲጀምር ፊደሉ ከጣቱ ኋላ ይጎተታል። ስልክ ላለው ልጅ ይህ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ማጠፊያው ነው። አንድ የማውቀው ጠጋኝ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ከሚያገላብጣቸው ላፕቶፖች ግማሽ ያህሉ የመጡት በማጠፊያ ነው። የርካሽ ላፕቶፕ ማጠፊያ ብረት ቢሆንም፣ የሚታሰርባቸው ትንንሽ የነሐስ ብሎን መያዣዎች የተቀበሩት ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ስክሪኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ብረቱ ፕላስቲኩን ይጎትታል፤ አንድ ቀን ቀጭ ብሎ መያዣው ከነሥሩ ይነቀላል። ጠጋኙ የተነቀለውን መልሶ ያስቀምጥና ሱፐር ግሉ ያንጠባጥባል፣ በላዩ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ይነሰንሳል። ጭስ ቢጤ ብልጭ ይላል፣ በቅጽበት ድንጋይ ይሆናል። ባለቤቱ ከፍሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ በዚያው ጎን ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ ግን የተነቀለው ከነፕላስቲኩ ስለሆነ የሚሞላ ቀዳዳም አይገኝም። ሙሉ ሽፋን ይቀየር ቢባል፣ ለዚያች ርካሽ ሞዴል ሽፋን የሚያስመጣ ነጋዴ የለም።

የመሥሪያ ቤቶቹ ማሽኖች የሚያሸንፉት እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አንድ ትልቅ ድርጅት አንድ ዓይነት ላፕቶፕ በሺዎች ገዝቶ፣ ጥቂት ዓመታት ሠርቶበት፣ በአንድ ጊዜ ያስወጣል። ስለዚህ አንዱ ሲሞት ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። የቲንክፓድ ቲ 480 የፊደል ሰሌዳ ለመቀየር ከሥሩ ሁለት ብሎን መፍታት ይበቃል፤ በብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ሰሌዳው ከሽፋኑ ጋር በፕላስቲክ ተጨፍልቆ የተያያዘ ስለሆነ ቡና ሲደፋበት ሥራው ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። ቲ 480፣ ላቲቲውድ 5490 እና ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 ሁለት ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። ዛሬ 8 ገዝታችሁ ስትመረቁ 16 ማድረግ ትችላላችሁ። ኤክስ 1 ካርቦንን የመሰሉ ቀጫጭን ቲንክፓዶች ግን ራማቸው የተበየደ ነውና እነሱን ከወደዳችሁ ከመጀመሪያው ባለ 16 ያዙ።

የገበያው ትልቁ ማታለያ ደግሞ «ኮር አይ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄያችን ራሱ ነው። ሁሉም ይጠይቃል፣ ሻጩም «አይ 7» ብሎ ይገላገላል። መጠየቅ ያለበት ትውልዱ ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ አይ 7-7600 ዩ ሰባተኛ ትውልድ ነው፣ ኮሩም ሁለት ብቻ። አይ 5-8250 ዩ ስምንተኛ ትውልድ ሲሆን አራት ኮር አለው። ስሙ ያነሰው ጉልበቱ በለጠ። ዊንዶውስ 11ም ከጥቂቶች በቀር ሰባተኛውን ትውልድ አይቀበልም። ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ተለጣፊ አትመኑ፤ ተለጣፊ ብቻውን ይሸጣል። ማሽኑን አስከፍታችሁ ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ገጽ በዓይናችሁ አንብቡ።

ያገለገለ ነገር ወጥመድ የለውም ብዬ አላታልላችሁም። ከሁሉ የከፋው የተቆለፈ ማሽን ነው። አንድ ጓደኛዬ ከመርካቶ የገዛው ላፕቶፕ ለወራት ያለ እንከን ሠራለት። አንድ ቀን ከበደብኝ ብሎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጫነ። ኢንተርኔት እንዳገኘ ገጹ ተቀየረና የአንድ የጀርመን ድርጅት ዓርማ ብቅ አለ፤ ከሥሩ የሠራተኛ ኢሜይልና የይለፍ ቃል መጠየቂያ። ድርጅቱ ማሽኑን በስሙ አስመዝግቦ፣ ሲያስወግደው ከመዝገቡ ሳይሰርዘው ቀርቷል። ሻጮች ይህን ያውቃሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ጭነው ያስረክቧችኋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጀመር በሉ፣ በስልካችሁ ኢንተርኔት አገናኙት፣ የመጨረሻው ገጽ እስኪመጣ ጠብቁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ጎረቤት ካለው ቡና ቤት ቁጭ በሉ። ቀጥሎ ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ክፈቱ፤ በቲንክፓድ ኤፍ 1፣ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ይቅርባችሁ። «እኛ እናስከፍተዋለን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ከፍቶ ይጥራችሁ።

ባትሪው ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው ሪፖርት አለ፤ ባትሪው ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበርና ዛሬ ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል። ከግማሽ በታች ከወረደ ያንን 5 ሺህ ብር ከዋጋው አስቀንሱ። ሻጩ «አዲስ ባትሪ ቀይረንለታል» ካለ ይበልጥ ተጠንቀቁ። አስመስለው የሚሠሯቸው ባትሪዎች ላይ «ኦሪጅናል» የሚለው ጽሑፍ ከእውነተኛው ይደምቃል። ሲያብጡ መጀመሪያ የሚያስታውቀው የመዳሰሻው ሰሌዳ ነው፤ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲጫኑት አልወርድ ይላል። እንዲህ ያየ ሰው ማሽኑን ያጥፋና በዚያው ቀን ባትሪውን ያስወጣው።

ቻርጀር ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሰው ሁሉ 30 ሺህ ብር አውጥቶ ቻርጀር ላይ ሲደርስ ነው የሚቆጥበው። የዴል ቻርጀር ክብ ጫፍ መሐሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለችው። በእሷ በኩል ቻርጀሩ ለላፕቶፑ ማንነቱን ይነግራል። አስመስሎ የተሠራው ቻርጀር ይህን መናገር ካቃተው ማሽኑ ሲነሳ የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ባለቤቱ ላፕቶፑ ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፤ ጠጋኙ ሐቀኛ ካልሆነ የቦርድ ጥገና ይከፈላል። ስለዚህ ቻርጀሩ ከነማሽኑ የመጣው ይሁን። መብራት እየሄደ በሚመለስበት ሰፈር ማከፋፈያው ላይ የኃይል መዋዠቅ መከላከያ ይጨመርበት።

ስለ ፍላሽ አንድ ቃል፤ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጥ «2 ቴራባይት» ፍላሽ የለም። ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ብሎ ያነበዋል፣ ፋይሉም የገባ ይመስላል፣ ከእውነተኛው መጠን ያለፈው ግን አንዱ በሌላው ላይ እየተጻፈ ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፉን እዚያ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ተማሪ አይቻለሁ።

አዲስ መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው? በጀታችሁ ከዚህ እጥፍ ሲሆን፣ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ከደረሰኝና ከዋስትና ውጭ የማይከፍል ሲሆን። ዋስትናውንም ቢሆን ስታዩት ወረቀቱን አገላብጡ፤ «የኃይል መዋዠቅ ያስከተለውን ጉዳት አይጨምርም» የሚል ካለበት፣ በእኛ አገር ከሚደርሰው ብልሽት ብዙውን አውጥቶታል ማለት ነው።

«የፈረንጅ ውዳቂ ማራገፊያ ሆንን» የሚሉኝ አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ በዚህ ሳቢያ በውጭ አገር ምንም ያልሆኑ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች ከሥራ እየወጡ ነው። ወደ እኛ ሲጎርፉም ዋጋቸው ዓይን ይስባል። ነገር ግን ስሌቱን እንሥራ። አሥር ዓመት የሚጠገን ያገለገለ ብረትና በሁለት ዓመቱ ማጠፊያው ተገንጥሎ ለቆራሌው የሚሰጥ አዲስ ፕላስቲክ ቢቀርቡልኝ ውዳቂው ሁለተኛው ነው። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ትውልድ ግን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ለመጫን ፈቃደኛ ካልሆናችሁ በርካሽነቱ አትውሰዱት፤ ከስምንተኛው ጋር ያለው ልዩነት ስድስትና ሰባት ሺህ ብር ከሆነ ልዩነቱን ክፈሉ።

ከዋሽንግተን ወይም ከሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይህ ሁሉ ክርክር ይቀልላል። እዚያ ተፈትሾ የሚሸጥ ቲ 480 ከ200 ዶላር ብዙም በማይርቅ ዋጋ ይገኛል፤ መመለስም ይቻላል። ለጋሼ ወይም ለእትዬ «ላፕቶፕ አምጡልኝ» ብላችሁ ብቻ አትላኩ፤ ደግነታቸው ከሱቅ የሚያብረቀርቀውን ሴሌሮን ይዞባችሁ ይመጣል። ሞዴሉን፣ ትውልዱን፣ ራሙን ጽፋችሁ ላኩ፤ ቻርጀሩ አብሮ እንዲመጣም ንገሯቸው። ትርፍ ባትሪ ካስገዛችሁ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አይከተትም፤ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ቦርሳ ነው የሚጓዘው።